በሜትር ስንት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቆየች ጓደኛዬ ደወለችልኝ። አዲስ በገዛችው ቤት ዙሪያ የሽቦ መረብ አጥር ልታሠራ አስባለች። ሰላምታው ሳያልቅ «አንቺ በሜትር ስንት አወጣሽ?» አለችኝ። አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። ቁጥሩ ጠፍቶኝ አይደለም፤ በደብተር ጽፌዋለሁ፣ ደግሞም አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ስለከፈልኩት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ዝም ያልኩት ጥያቄው የእኔው ስለነበረ ነው። ልክ እንደዚሁ ጠይቄ ነበር፤ መልስም በአንድ ትንፋሽ አግኝቼ ነበር። የመልሱ ትርፍ ዛሬም ከቤቴ ጀርባ ቆሞ ይታያል፦ ሰባ ኪሎ ገደማ የሚመዝን የኮንክሪት ጉማጅ።

«ቆይ፣ እጽፍልሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ደብዳቤው ረዘመብኝና ይኸው እዚህ ወጣ። ወጪውን በገንዘብ አልጽፍም፤ የብረት ዋጋ ዛሬ የጻፉትን ነገ ያስረጀዋል። በኪሎ፣ በጉድጓድና በቀን ከጻፍኩት ግን ለማንም ግቢ ይሆናል።

ሁለት ወረቀት

እንዲታጠርልኝ የፈለግሁት ከቤቱ በስተኋላ በሦስት ጎን ነው። ግራና ቀኙ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ተኩል፣ የኋላው 14 ሜትር፣ በድምሩ 45 ሜትር። ሁለት ባለሙያዎች መጥተው አዩልኝ። የመጀመሪያው ስልኩን ብቻ ይዞ መጣ፤ ግቢውን ከበሩ ላይ ቆሞ ቃኘና የአንድ ሜትር ዋጋ ነገረኝ። በ45 አባዛሁት፤ አለቀ። ሁለተኛው ሜትርና ድጅኖ ይዞ መጣ። ድጅኖውን ሦስት ቦታ ላይ ወደ መሬት ሰደደው፤ አንዱ ጋ ድንጋይ ሲነካ አጎንብሶ ጻፈ። ማዕዘኖቹን ቆጠረ። «ውሻ አለሽ? አጥር ላይ የሚንጠላጠሉ ልጆችስ?» ብሎ ጠየቀኝ። በማግስቱ ያመጣው ወረቀት ከፊትም ከኋላም የተጻፈበት ነበር፦ መረብ፣ ቋሚ፣ የማዕዘን ቋሚ፣ ድጋፍ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ የቋሚ ክዳን፣ ተራ ቁፋሮ፣ ድንጋይ ያለበት ቁፋሮ፣ ሰባት ቀን መጠበቂያ። ድምሩ ከመጀመሪያው በሲሶ ይበልጣል።

ያንን ዝርዝር ሳነብ የተሰማኝን ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ። ሰውየው ገንዘብ የሚቀበልበት ሰበብ እየፈለገ መሰለኝ። «የቋሚ ክዳን» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። «ሰባት ቀን መጠበቂያ» የሚለውንማ ለስንፍና የተሰጠ የማዕረግ ስም አደረግሁት። ባለ አንድ ቁጥሩን መረጥኩ። ስልክ ደውዬ «ነገ መጀመር ትችላላችሁ?» አልኩት፤ ቻሉ።

ያን ጊዜ ያልገባኝ ይህ ነው። በሜትር የሚሸጠው ነገር መረቡ ነው፤ መረቡ ደግሞ ከፋብሪካ ተሸምኖና ተጠቅልሎ የሚመጣ፣ ካለቀለት ሥራ የሚቆጠር ዕቃ ነው። ተሠርቶ የማይመጣው ጉድጓዱ ነው። 25 ሴንቲሜትር ስፋትና 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው አንድ ጉድጓድ 30 ሊትር ያህል ኮንክሪት ይውጣል፤ ሲመዘን ሰባ ኪሎ ማለት ነው። ቋሚዎቹ በየሦስት ሜትሩ ቢተከሉ ለእኔ ግቢ ከማዕዘንና ከጫፍ ጋር 18 ጉድጓድ ያስፈልግ ነበር። ባለ አንድ ቁጥሩ በየአራት ሜትሩ ተክሎ 13 አደረጋቸው። አምስት ጉድጓድ፣ 350 ኪሎ ኮንክሪት፣ አምስት ቱቦ፣ የአንድ ቀን የሰው ጉልበት ተቀነሰ። እኔ ርካሽ ዋጋ ያልኩት ይህንን ጉድለት ነበር።

ሽቦውም እንዲሁ ነው። መረቡ ሲመጣ ቁመቱን ለካሁ፣ ማብረቅረቁን አየሁ፣ ደስ አለኝ። ውፍረቱን ግን አልለካሁም። የሁለት ሚሊሜትርና የሦስት ሚሊሜትር ሽቦ ልዩነት በዓይን አንዲት ክር ታህል ነው፤ ብረቱ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ይለያያል፤ ውፍረት በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይጨምርምና። ሁለቱም አዲስ ሲሆኑ እኩል ያበራሉ።

ስምንት ሽቦ

ከባለ አንድ ቁጥሩ ጋር ከመጡት ሠራተኞች መካከል ቁፋሮውን የያዙት በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ብዙ አይናገሩም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አሠሪያቸው ሲባጎውን ልክ ወሰኑ ላይ ወጥሮ ሲሄድ፣ እርሳቸው ሁለቱንም ችካሎች ነቅለው 20 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ አስገቧቸው። «ከመሬት በላይ ያለው ቀጭን ነው ልጄ፤ ከታች ያለው ግን ይሰፋል» አሉኝ። ቋሚው ወሰኑ ላይ ቢቆም የኮንክሪቱ ግማሽ በጎረቤቴ መሬት ውስጥ ይሆን ነበር። በዚህ ምክንያት በኋላው በኩል ብቻ ወደ ሦስት ካሬ ሜትር የሚጠጋ መሬት ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ይህ ወጪ በሁለቱም ወረቀቶች ላይ አልነበረም። ጎረቤቴ እመት ግን ቆመው ሲያዩ ቆይተው፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ የሠራተኞቹን የመጠጥ ውሃ ከራሳቸው ቤት ያቀብሉ ጀመር።

መረቡ የሚመጣው በ15 ሜትር ጥቅል ነበር። ሦስት ጥቅል፣ 45 ሜትር፤ ልክክ ያለ ሒሳብ። በወረቀት ላይ። ወረቀት ግቢን የሚያየው ከላይ እንደ ወፍ ነው፤ ዳገት አይታየውም። የእኔ ግቢ ከቤቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ሁለት ሜትር ያህል ይወርዳል። ተዳፋቱን ተከትሎ ሲለካ እያንዳንዱ ጎን 13 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል። በሁለቱ ጎን 26 ሴንቲሜትር፤ ከስንዝር እምብዛም የማያልፍ። ለዚያች ስንዝር አራተኛ ጥቅል ተገዛ።

ከጥቅሉ ላይ ያንን ስንዝር ሲያወጡ ማየቴ ግን ለገንዘቡ ግማሽ ካሳ ሆነኝ። ሽቦ መቁረጫ የሚያነሱ መስሎኝ ነበር። ጋሼ የአንዱን ሽቦ ሁለት ጫፎች ብቻ በፒንሳ ፈቱና እንደ ብሎን ያሽከረክሩት ጀመር። ሽቦው እየተጠማዘዘ፣ ከላይ እየረዘመ፣ ከዓይን ወደ ዓይን እየሾለከ ወጣ። ሲያልቅ መረቡ ሳይቆረጥ ለሁለት ተለያየ። ከዚያ በጣታቸው ስምንት ቆጥረው ሌላ ሽቦ ፈቱ፤ ስምንት ሽቦ ስፋት ያለው ቁራጭ በእጃቸው ቀረ። ያንኑ የወጣውን ሽቦ መልሰው እያሽከረከሩ ቁራጩን ከሌላኛው መረብ ጋር ሰፉት። መጋጠሚያውን ዛሬ ፈልጌ አላገኘውም።

በኋላ ሳነብ ነገሩ አልገረመኝም። ቻርልስ ባርናርድ የተባለ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 በእንግሊዝ አገር ኖርዊች ከተማ የሽቦ መረብ የሚሠራ ማሽን ሲፈለስፍ መነሻ ያደረገው የጨርቅ መሸመኛን ነው። ኖርዊች የሸማኔ ከተማ ነበረች። ግቢዬን የከበበው ነገር እንግዲህ ጨርቅ ነው፤ ክሩ ብረት ሆነ እንጂ።

ጨርቅ ደግሞ በራሱ አይቆምም።

ቱንቢው

ኮንክሪቱ የተሞላው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባለ አንድ ቁጥሩ መጣና የማዕዘኑን ኮንክሪት በጫማው ተረከዝ ኳ ኳ አደረገው። «ደርቋል፤ ወጥሩት» አለ። ጋሼ አንድ ቃል ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

በመረቡ ጫፍ ዓይኖች ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ ብረት ከላይ እስከ ታች አሾለኩ፤ ብረቱን በሰንሰለት ይዘው በእጅ በሚሽከረከር መጎተቻ ይስቡት ጀመር። ረግቦ የነበረው መረብ ከመሬት ተነሣ። ሆዱ ገባ። ዓይኖቹ ሁሉ እኩል ሆኑ። በጣቴ ስነካው እንደ ክራር ጅማት ድምፅ ሰጠኝ። እንዴት እንደኮራሁ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብዬ ለራሴ ተረትኩ፤ በልቤ ያሰርኩት አንበሳ ሌባው ነበር። በመጀመሪያ የኋላውን፣ ቀጥሎ የቀኙን ጎን ወጠሩት። ሁለቱ መረቦች የሚገናኙት በቀኙ ማዕዘን ላይ ነው።

የዕለቱ ሥራ አልቆ ዕቃ መሰብሰብ ሲጀመር ጋሼ ሲባጎ አወጡ። ጫፉ ላይ አንዲት ጠጠር አሰሩና ሌላውን ጫፍ በማዕዘኑ ቋሚ አናት ላይ በአውራ ጣታቸው ይዘው ለቀቁት። ጠጠሯ ትንሽ ተወዛወዘችና ረጋች። ማንም አልተናገረም። ሲባጎው ከላይ ቋሚውን ነክቷል፤ ከታች ግን በእርሱና በቋሚው መካከል አራት ጣት ይገባል። ቋሚው ወደ ግቢው ውስጥ አዘንብሏል።

ባለ አንድ ቁጥሩ «ይኼ እኮ ለዓይን አይታይም» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔ አላየሁትም ነበር። ጠጠሯ ከረጋች በኋላ ግን ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

«ጋሼ፣ ለምን ይኼ ብቻ? ሌሎቹ ቀጥ ብለው የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«መሐል ያለው ከግራም ከቀኝም ይሳባል፤ ስለዚህ ይቆማል» አሉ ሲባጎውን እየጠቀለሉ። «ማዕዘኑን ከኋላ የሚይዝለት ማነው?»

ያን ማታ አልተኛሁም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ግን ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዤ ነው የተኛሁት። መሐል ያሉት ዘጠኙ ቋሚዎች ለካ አጥሩን ተሸክመውት አይደለም፤ እንዳይረግብ ደግፈውታል እንጂ። መረቡን ሁሉ ወጥሮ የያዘው ማዕዘኑና ጫፉ ነው። ማዕዘን ላይ ሁለት መረብ በሁለት አቅጣጫ ይስባል፤ ሁለቱ ጉልበት እኩል ከሆነ ድምሩ የአንዱን አንድ ነጥብ አራት እጥፍ ሆኖ በሰያፍ ወደ ግቢው መሐል ይሄዳል። ቋሚው ከመሬት በላይ አንድ ሜትር ተኩል ቁመት አለው፤ ከመሬት በታች ያለው 60 ሴንቲሜትር ብቻ። ያውም የአንድ ቀን ዕድሜ ባለው ኮንክሪት። ለዚህ ሁሉ የተሰጠው ቱቦ፣ የተቆፈረለት ጉድጓድም ከመሐለኞቹ ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ በሜትር በተነገረ ዋጋ ውስጥ ማዕዘን የሚባል ነገር የለማ! 45 ሜትር ቀጥ ያለ አጥርና 45 ሜትር ግቢ የሚከብብ አጥር በዚያ ሒሳብ አንድ ናቸው።

ብድግ ብዬ የሁለተኛውን ባለሙያ ወረቀት ፈለግሁ። የማዕዘን ቋሚ፣ ለብቻ። ድጋፍ፣ ለብቻ። ሰባት ቀን መጠበቂያ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን ልጅ ሆኜ ስሰማ የሚፈስሰው እህል ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛው ጉድጓድ

ባለ አንድ ቁጥሩ ቀሪ ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ ስልኬን ማንሳት ተወ። ባለ ድጅኖው ዘንድ ደወልኩ። «ያ ወረቀትህ አሁንም አለ?» ስለው ሳይስቅብኝ «አለ እህቴ፤ አሁን ግን ሁለት መስመር ይጨመርበታል» አለኝ። ሁለቱ መስመሮች ማፍረስና ማውጣት ናቸው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ጋሼን እንዲያመጣልኝ ለመንኩት፤ መጡ። ማውጣት ከመቆፈር የሚከብድ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ጉድጓድ ለመቆፈር አንድ ሰዓት የፈጀባቸው ሰው፣ ያንኑ ጉድጓድ ባዶ ለማድረግ ከልጃቸው ጋር ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። መረቡ ረገበ፣ ቋሚው ከኮንክሪቱ አፍ ላይ ተቆረጠ፣ ዙሪያው ተቆፈረ፣ ድጅኖ ከሥሩ ገባ። ጉማጁ ሲወጣ ጎኑ ላይ የአፈሩን ቅርፅ ይዞ፣ የድጅኖውን ምት ሁሉ ታትሞበት፣ ከቅርጫት የወጣ ዳቦ መስሎ ነበር። ተዳፋቱ ላይ ሊንከባለልብን ሲል ወደ ቤቱ ጀርባ ገፍተን አቆምነው።

አዲሱ ጉድጓድ 30 ሴንቲሜትር ሰፋ፣ 90 ሴንቲሜትር ጠለቀ። በስፋቱ አምስት፣ በጥልቀቱ ሠላሳ ሴንቲሜትር ነው የተጨመረው፤ ኮንክሪቱ ግን ከእጥፍ አልፎ 150 ኪሎ ደረሰ። ወፍራም ቱቦ ተተከለ። ከእርሱ ቀጥሎ ወዳሉት ሁለት ቋሚዎች አግዳሚ ቱቦ ተዘረጋ፣ ከአግዳሚው ሥር ደግሞ በሰያፍ ብረት ተሳበ፤ ከኋላ የሚይዘው አገኘ ማለት ነው። የግራው ማዕዘን ገና በሁለት በኩል ስላልተወጠረ ሳይቆፈር ዳነ፤ ድጋፍ ተጨመረለት፣ ቀን ተሰጠው።

ቀኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ኮንክሪት ይደርቃል እንላለን እንጂ የሚጠነክረው ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ነው፤ ውሃው ቶሎ ከተነነ መጠንከሩም በዚያው ይቆማል። ባለ ድጅኖው ርጥብ ጆንያ አልብሶት «ጠዋትና ማታ አጠጪው» ብሎኝ ሄደ። መሐንዲሶች የኮንክሪትን ሙሉ አቅም የሚለኩት በ28 ቀን ነው፤ ለአጥር ሰባቱ ይበቃል አለኝ። ሰባት ቀን ምንም የማይበቅልበትን ነገር እንደ ችግኝ አጠጣሁ። ጎረቤቴ እመት በረገበው መረብ በኩል እያዩ «መቼ ነው የሚያፈራው?» ይሉኝ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ተወጠረ። ጠጠሯ ቋሚውን ከላይ እስከ ታች እየታከከች ወረደች።

የተዘለሉት አምስት ቋሚዎች ግን ዛሬም እንደተዘለሉ ናቸው። ለእነርሱ የሚሆን አቅም አልተረፈኝም። ውሻው መሐል ላይ ሲደገፍ መረቡ ይጎብጣል፤ ሲነሣ ይመለሳል፣ በየጊዜው ግን ትንሽ እያነሰ።

ዝገት ስለሚጀምርበት ቦታም አንድ ነገር ልበል። ሽቦው የሚያበራው በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ ስለወጣ ነው። ዚንኩ ለብረቱ ቤዛ ነው፤ ቢጫርም እንኳ እርሱ ቀድሞ እየተበላ ከጎኑ ያለውን ብረት ያተርፋል። የብየዳ እሳት ግን ያተነዋል። አዲስ አጥሬ ላይ የመጀመሪያው ቡናማ ነጥብ የታየው የትንሿ በር ማጠፊያ በተበየደበት ቦታ ነው፤ ከብየዳው በኋላ ዚንክ ያለበት ቀለም የቀባው አልነበረም። በሩ በ45 ሜትሩ ውስጥም አልተቆጠረም፤ ለብቻው ተከፈለ፤ ስለ እርሱ ሌላ ቀን።

ክዳንም ለካ ያስፈልጋል። ጉማጁ ከነተቆረጠው ቱቦው ከቤቴ ጀርባ ቆሟል፤ ቱቦው አፉ ክፍት፣ ታቹ በኮንክሪት የተደፈነ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ይሞላል፤ ውሃው ውስጥ ዝገቱ እየተላጠ ሲወርድ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ትናንሽ ወፎች ጠርዙ ላይ ቆመው ከእርሱ ይጠጣሉ። ሳቄ የመጣበት የወረቀቱ መስመር የዚህን አፍ የሚዘጋ የመዳፍ መሐል የምታህል ቆብ ነበረች።

ትናንት ጓደኛዬ ዳግመኛ ደወለች። «ምነው ደብዳቤሽ ቀረ? ግቢዬ 200 ካሬ ሜትር ነው፤ በግምት ንገሪኝ» አለች። 200 ካሬ 10 በ20 ከሆነ ዙሪያው 60 ሜትር፣ 5 በ40 ከሆነ ግን 90 ሜትር እንደሚሆን ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ ማዕዘኖቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቅኋት።

«አራት ነዋ!» አለች።

«ወጥተሽ ቁጠሪያቸው።»

ስልኩን ሳትዘጋ ወጣች። በር ሲከፈት፣ ጫማዋ ጠጠር ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ቆመች፤ ሄደች፤ እንደገና ቆመች።

«አምስት» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ቆይ… ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ አንድ አለ።»